መፋቂያው እስከ አንጎል ይደርሳል?

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሱብሒ ለመስገድ የተነሣ ሰው ከውዱእ በፊት መፋቂያውን አፉ ውስጥ ያደርጋል። የእርስዎስ የት አለ? ያምጡትና አብረን እንየው። ወይራ ይሁን ክትክታ ወይም ልምጭ፣ ለዛሬው ወሬያችን ለውጥ የለውም።

ጫፉን በቢላ ይቁረጡት። ደረቅ እንጨት ብቻ ነው። አሁን ያኝኩት። እንጨቱ በቁመቱ የተደረደሩ ቀጫጭን ጭረቶች ስብስብ ስለሆነ ጥርስ ሲጫነውና ምራቅ ሲያርሰው ይበታተንና ብሩሽ ይሆናል። ምሬቱም ሥራ አለው፦ ምራቅ ያመጣል፤ ምራቁ የተፋቀውን ያጥባል።

ከመፋቅዎ በፊት ምላስዎን ጥርስዎ ላይ ያስኪዱ። ያ የሚያሟልጭ ሽፋን በአብዛኛው ባክቴሪያ ነው። ድድ ሥር ሲከማች ድድ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል፤ ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ፍቀው ሲተፉ ምራቁ ቀላ ካለ ይጠርጥሩ።

ብግነት በራሱ ክፉ አይደለም። ጥፍርዎን ክንድዎ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጎትቱና ጥቂት ይጠብቁ። በጠይም ቆዳ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በጣት ሲዳስሱት ግን መስመሩ ሞቅ፣ ከፍ ሊል ይችላል። ደም ለጥገና መጥቶ ነው። ወዲያው ይጠፋል።

ጣጣው የማያባራው ነው። አንጎላችን ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ጠባቂ ሴሎች አሉ፤ አሚሎይድ የተባለውን የፕሮቲን ጥራጊ ይለቅማሉ። ኡኡታ ሲሰማ መንደሩ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ሌባው ሲያዝ ይመለሳል። ኡኡታው ሌት ተቀን ከቀጠለ ግን የወጣው ሕዝብ የጎረቤቱን ቡቃያ ይረግጣል። እነዚህም ሴሎች ተቆጥተው ሲከርሙ ጤነኛውን የነርቭ መገናኛ ጭምር ማጥፋት ይጀምራሉ። «ጃጁ» ብለን ከምናልፋቸው አረጋውያን ብዙዎቹን የሚይዘው አልዛይመር የሚባባስበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ድዱስ ምን አገባው? እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለውን የድድ ባክቴሪያ ምልክት በአልዛይመር ታማሚዎች አንጎል ውስጥ አገኘን አሉ። ብዙ ተወራ። የባክቴሪያውን መርዛማ ኢንዛይም እንዲያግድ የተሠራው መድኃኒት ግን በ2021 ውጤቱ ሲወጣ የበሽታውን ግስጋሴ እንደታሰበው አልገታም። ስለዚህ መፋቂያ የመርሳት በሽታን ይከላከላል የሚልዎትን አይመኑ። የብግነት ማስታገሻ ክኒን በየቀኑ መዋጥም መላ አይደለም፤ ናፕሮክሲን በአረጋውያን ላይ ተሞክሮ በሽታውን አልተከላከለም፣ ጨጓራን ግን ይጎዳል። በእኔ ግምት ድድ ከብዙ ጯሂዎች አንዱ ነው፤ እሱን ዝም ማሰኘት ደግሞ ርካሽ ነው።

አፋፋቁ ላይ ይጠንቀቁ፦ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ነው። አግድም መገዝገዝ ድዱን ያሸሸዋል። መድማቱ ከሳምንት ካለፈ የጥርስ ሐኪም ይየው።

ጨረሱ? እስቲ ምላስዎን በታችኛው የፊት ጥርስ ውስጠኛ በኩል ያስኪዱ። ሽፋኑ እዚያ ገና አለ፤ ቀጥ ያለ እንጨት በቀላሉ አይደርስበትም። አፍዎን ከፈት፣ መፋቂያውን ቀና አድርገው ይግቡበት።