ቴብሉ ጠፋ ከማለታችሁ በፊት ስኪማውን እዩ

ዛሬ ባክኤንድ ለምትማሩና አዲስ ሥራ ለጀመራችሁ፣ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ሰው የምታስደነግጥ ነገር ይዘን መጥተናል።

በተርሚናል ወደ ፖስትግሬስ ገባችሁ እንበል። ቴብሎቹን ለማየት ባክስላሽ ዲ ቲ ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ምንም አላገኘሁም አላችሁ። አፑ ግን እየሠራ ነው፣ ደንበኞችም እየተጠቀሙበት ነው። ታዲያ ዳታው የት ገባ? እዚህ ጋ የደነገጠ ሰው ቴብሎቹን እንደ አዲስ ይፈጥራል። ዋናው ጣጣ የሚጀምረው ያኔ ነው፦ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ቴብሎች ይኖራሉ፣ አፑ አንዱ ላይ ይጽፋል፣ እናንተ ሌላኛውን ባዶውን ታያላችሁ።

ብዙ ጊዜ ዳታው የትም አልሄደም፣ ሌላ ስኪማ ውስጥ ነው ያለው።

ስኪማ ምንድነው? ኮንዶሚኒየም አስቡ። ዳታቤዙ ብሎኩ ነው፣ ስኪማው የቤት ቁጥሩ፣ ቴብሉ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ። ሁለት ቤት ውስጥ ሶፋ ሊኖር ይችላል፣ አይጋጭም። አንድ ብሎክ ውስጥ ቆማችሁ ደግሞ የሌላውን ብሎክ ቤቶች አታዩም። ስለዚህ መጀመሪያ ባክስላሽ ኤል ብላችሁ ዳታቤዞቹን እዩ፣ በባክስላሽ ሲ ወደምትፈልጉት ግቡ፣ ከዚያ ባክስላሽ ዲ ኤን በሉ። የስኪማዎቹ ስም ከነባለቤታቸው ይዘረዘራል። መጨረሻው ላይ የመደመር ምልክት ብትጨምሩ ማን ምን ፈቃድ እንዳለውም ያሳያችኋል። ፖስትግሬስ ለራሱ የሚጠቀምባቸውን ማየት ከፈለጋችሁ ትልቁን ኤስ ጨምሩበት።

(በባክስላሽ የሚጀምሩት ሴሚኮሎን አይፈልጉም። የኤስኪውኤል ትዕዛዝ ግን ይፈልጋል። ኢንተር ነክታችሁ ዝም ካላችሁ፣ ሴሚኮሎን እየጠበቀ ነው።)

ታዲያ ባክስላሽ ዲ ቲ ለምን ደበቀብን? ሰርች ፓዝ በሚባለው ነገር ምክንያት ነው። ፖስትግሬስ ስኪማውን ካልነገራችሁት የሚፈልገው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባሉት ብቻ ነው፤ ካልተቀየረ ደግሞ መጀመሪያ በእናንተ ዩዘር ስም የተሰየመውን ስኪማ፣ ቀጥሎ ፐብሊክን ያያል። ሌላውን ለማየት ከዲ ቲ በኋላ የስኪማውን ስም፣ ነጥብና ኮከብ ጻፉ። ሁሉንም በአንዴ ካላችሁ ኮከብ ነጥብ ኮከብ።

ፐብሊክ ካልን አይቀር፦ በ2022 ከወጣው ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ ማንም ዩዘር ዝም ብሎ ፐብሊክ ውስጥ ቴብል መፍጠር አይችልም። የድሮ ቲቶሪያል ተከትላችሁ "ፈቃድ የለህም" ከተባላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ማይኤስኪውኤል ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ስኪማና ዳታቤዝ አንድ ናቸው፤ ሾው ስኪማስ አላችሁ ሾው ዳታቤዝስ መልሱ ያው ነው። ግን ልብ በሉ፣ በተለምዶ ፈቃድ ያላችሁን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ዝርዝሩ ላይ የለም ማለት ሰርቨሩ ላይ የለም ማለት አይደለም።

አሁን አደገኛው። ድሮፕ ስኪማ ብላችሁ ካስኬድ ስትጨምሩ፣ ውስጡ ያለው ቴብል በሙሉ "እርግጠኛ ናችሁ?" ሳትባሉ ይጠፋል። የሙከራና የዋናው ሰርቨር ስኪማ ስማቸው አንድ ሲሆን ደግሞ አስቡት! ከመሰረዝ በፊት ባክስላሽ ኮንኢንፎ ብላችሁ የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው ዳታቤዝ ላይ በማን ስም እንደገባችሁ አረጋግጡ። ሁለት ሰከንድ ነው።

ላፕቶፕ የለንም ለምትሉ፦ አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ ተርመክስን ጫኑ፣ ስልኩን ሩት ማድረግ ሳያስፈልጋችሁ ፖስትግሬስ ይሠራል። ሙከራ የሚል ስኪማ ፍጠሩ፣ ውስጡ አንድ ቴብል ጨምሩ፣ ከዚያ ባክስላሽ ዲ ቲ በሉና እዩት። አይታይም። ለምን እንደማይታይ አሁን ታውቃላችሁ፤ እንዲታይ ያደረጋችሁበትን መንገድ ኮመንት ላይ ጻፉልን።