ሶፋ ከማዘዝዎ በፊት ሳሎንዎን በኮምፒዩተር ይሞክሩት

ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት ዕቁብ ሲወጣላቸው መጀመሪያ ያሰቡት ሳሎናቸውን ነበር። ከስልክ ላይ ያገኙትን ፎቶ ይዘው ወደ እንጨት ሥራ ቤት ሄዱ፤ ኤል ሼፕ ሶፋ አዘዙ፤ ቀብድም ከፈሉ። ከወር በኋላ ሶፋው መጣ። በሥራው እንከን የለም፤ ጨርቁም ቀለሙም የተባለው ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ በሸክም ወጥቶ ሳሎን ሲገባ ግን አንዱ ክንዱ የበረንዳውን በር ዘጋው። ወደ ሌላው ግድግዳ ሲያዞሩት ወደ ማድ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ ጠበበ። ሚስትየዋን ከሁሉ በላይ የቆጫት ደግሞ ረከቦት የሚዘረጋበት ቦታ መጥፋቱ ነው። ሠሪው የታዘዘውን ስለሠራ ጥፋት የለበትም። የጎደለው ነገር ከማዘዝ በፊት ቤቱን በልኩ ማየት ነበር።

እርስዎም አዲስ ኮንዶሚኒየም ተረክበው ወይም የቆየ ቤትዎን ለማደስ አስበው ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ቤትዎን በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ላይ ስለው ዕቃ የሚደረድሩባቸው ሶፍትዌሮች ዛሬ በቀላሉ ይገኛሉ። የሚከብደው የትኛውን መምረጥ እንዳለብዎ ማወቁ ነው። መሐንዲሶችና አርክቴክቶች የሚጠቀሙበት አውቶካድ ኃይለኛ ቢሆንም ለመልመድ ወራት ይፈልጋል። ለአንድ ሳሎን ብሎ እሱን መማር አንድ ቂጣ ለመጋገር ዳቦ ቤት እንደ መክፈት ነው።

አራት ጥያቄዎች ይጠይቁ

አንደኛ፦ የራሴን ልክ ማስገባት እችላለሁ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ያሉት ሶፋና አልጋዎች አብዛኞቹ የውጭ አገር መጠን ያላቸው ናቸው። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ የምናሠራው በትእዛዝ ነው። ስለዚህ የሶፋውን ርዝመት፣ ጥልቀትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ጽፈው መለወጥ ካልቻሉ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ለእርስዎ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ሁለተኛ፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሥራው የሚቆም ከሆነ ጀምረው ይተዉታል።

ሦስተኛ፦ ክፍያው እንዴት ነው? ብዙዎቹ በነፃ አስጀምረው ጥሩውን ዕቃ በክፍያ ይቆልፉታል። ክፍያው በዶላር፣ በየወሩና በዓለም አቀፍ ካርድ ሊሆን ይችላል። «ለጥቂት ቀን ነፃ» የሚል ካዩ ካርድዎን ከማስገባትዎ በፊት ጊዜው ሲያልቅ በራሱ መቁረጥ ይጀምር እንደሆነ ያንብቡ።

አራተኛ፦ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይለመዳል? መሞከሪያው ቀላል ነው። አንድ ሰዓት ይስጡት። በዚያ ሰዓት ውስጥ የአንድ ክፍል አራት ግድግዳ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ማስገባት ካቃተዎ ወደ ሌላው ይለፉ።

ሦስት አማራጮች

ላፕቶፕ ወይም ኮምፒዩተር ላለው ቤተሰብ የመጀመሪያ ምርጫዬ ስዊት ሆም 3ዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን አንዴ ከጫኑት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስክሪኑ በግራ የዕቃዎች ዝርዝር፣ በቀኝ ከላይ ፕላኑን፣ ከታች ደግሞ የክፍሉን ሙሉ ምስል ያሳያል። ሶፋውን ከዝርዝሩ ጎትተው ፕላኑ ላይ ሲያስቀምጡት ከታች ባለው ምስል ወዲያው ቦታውን ይይዛል። ዕቃውን ሁለቴ ሲነኩት ስሙንና ልኩን የሚለውጡበት ሰሌዳ ይከፈታል። ምስሉ እንደ ፎቶ አያብረቀርቅም፤ ለልክ ግን የሚታመን ነው።

ሥራዎ ሁሉ በስልክ ከሆነ ፕላነር 5ዲ ይቀላል። በጣት እየጎተቱ መሥራት ስለሚቻል ልጆችም ቶሎ ይለምዱታል። ነገር ግን በነፃው ክፍል የሚያገኟቸው ዕቃዎች የተወሰኑ ናቸው።

ሦስተኛው ስኬችአፕ ነው። በአንድ ወቅት የጉግል ንብረት ነበር፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የትሪምብል ነው። ነፃው ዓይነት የሚሠራው በኢንተርኔት ነው። ጠፍጣፋ ቅርጽ ስለው ወደ ላይ በመጎተት ሳጥን ስለሚያደርጉት፣ ኪችን ካቢኔት ወይም አብሮ የተሠራ ቁም ሳጥን ለማሠራት ላሰበ ሰው ይመቻል። ከሁለቱ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለሳሎን ብቻ ከሆነ ከእሱ አይጀምሩ።

መጀመሪያ ሜትር ይያዙ

ሶፍትዌሩ የሚያውቀው እርስዎ የነገሩትን ብቻ ነው። በፕላን ላይ የተጻፈው ልክ ከልስን በኋላ ካለው ሊለይ ስለሚችል ራስዎ ይለኩ። እያንዳንዱን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ሁለቱ ልኮች ካልተስማሙ ሦስተኛ ጊዜ ይድገሙት። የጣሪያውን ከፍታ፣ የበሮቹን ስፋትና በየት በኩል እንደሚከፈቱ፣ መስኮቱ ከወለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ የት እንዳሉ ይመዝግቡ። ከግድግዳ ወጣ ያለ ኮለን ካለ እንዳይረሱት። የደረጃውን ስፋትና መታጠፊያውንም ይለኩ፤ ሳሎን የሚበቃ ሶፋ በደረጃው ላያልፍ ይችላል።

ከዚያ ግድግዳውን ይሳሉ፤ በርና መስኮቱን ያስገቡ፤ ትልልቁን ዕቃ በልኩ ያስቀምጡ። ሲደረድሩ እነዚህን ቁጥሮች ያስታውሱ፦

• ሰው ለሚመላለስበት መተላለፊያ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር፤
• በሶፋና በመሐል ጠረጴዛ መካከል ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፤
• ከምግብ ጠረጴዛ ጀርባ ወንበር ወደ ኋላ ለመሳብ ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር፤
• በአልጋ ጎን ለመቆም 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ።

በዝርዝሩ ውስጥ ረከቦትም መሶብም አያገኙም። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ወስደው የረከቦትዎን ልክ ይስጡት፤ ስሙንም «ረከቦት» ብለው ይጻፉ። ክብ ጠረጴዛ መሶብ ይሆናል። ከረከቦቱ አጠገብ የከሰል ማንደጃውንና የቡና አፍዪዋን በርጩማ ያስቀምጡ፤ እሳቱንም ከመጋረጃውና ከሕፃናት መመላለሻ ያርቁት። በበዓል ቀን ዘመድ ሲመጣ ተጨማሪ ወንበር የት እንደሚገባም ይሞክሩ። ሳሎን የሚፈተነው ያን ቀን ነው።

ምስሉ እንዳያታልልዎ

በስክሪን ላይ ክፍል ሰፍቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ውሳኔዎን በምስሉ ላይ ሳይሆን በፕላኑ ቁጥሮች ላይ ያድርጉ። ቀለምም እንዲሁ ነው። የስክሪኑ ግራጫ ሱቅ ውስጥ ሌላ ይሆናል። የሶፋ ጨርቅና የመጋረጃ ቁራጭ ናሙና ወደ ቤት ወስደው ጠዋት በፀሐይ፣ ማታ በአምፖል ይዩት።

የመጨረሻውን ፕላን ልኩ እንደተጻፈበት አትመው ወይም በቴሌግራም ለሠሪው ይላኩ። ርዝመት፣ ጥልቀትና ቁመቱ በወረቀት ከሰፈረ በኋላ ቀብድ ይክፈሉ። ለሠሪውም ለእርስዎም ክርክር ያስቀራል።

ሥራውን ለአንድ ሰው ብቻ አይተዉት። አባት፣ እናትና ልጆች በየፊናቸው አንድ አንድ አቀማመጥ ሠርተው እሁድ ቡና ላይ ይተያዩ። ልጅዎ የሚያጠናበትን ጥግ የት እንዳደረገ ሲያዩ ያላሰቡትን ነገር ይረዱ ይሆናል።

ጎረቤቶቼ በመጨረሻ ሶፋውን መልሰው አስቆረጡት። የተሸካሚ ሁለቴ፣ የሠሪ እንደገና ከፈሉ። የበረንዳው በር አሁን ይከፈታል፤ ቡናውም ወደ ቦታው ተመልሷል። ቀጥሎ ቁም ሳጥን ሊያሠሩ አስበዋል። በዚህኛው ሳምንት ስሄድ ባልየው ሜትር ይዞ ግድግዳ ሲለካ፣ ትልቋ ልጃቸው ላፕቶፕ ላይ ቁጥሩን ስትጽፍ አገኘኋቸው። በስክሪን ላይ ዕቃ መቶ ጊዜ ቢያዞሩ የሚጠይቅዎ ተሸካሚ የለም።