አንድ ነገር አንድ ቦታ ይጻፍ፦ ከሪሌሽናል ዳታቤዝ ጋር ትውውቅ

አንድ የእድር ጸሐፊ በየወሩ የአባሉን ስም፣ ስልኩንና የከፈለውን ገንዘብ በአንድ መስመር ይመዘግባል እንበል። ዓመቱ ሲዞር የአንዱ አባል ስልክ 12 ጊዜ ተጽፏል። አባሉ ስልክ ሲቀይር ጸሐፊው አዲሱን ቁጥር በመጨረሻው መስመር ላይ ያሰፍራል። ሐዘን የደረሰ ዕለት ሌላ ሰው ደብተሩን ይገልጥና አሮጌው ቁጥር ላይ ይደውላል። ጸሐፊው ትጋት አልጎደለውም፤ ችግሩ አንዱ ነገር 12 ቦታ መጻፉ ነው። በኮምፒውተር የሚያዝ መዝገብም የሚበላሸው በዚሁ መንገድ ነው።

የሪሌሽናል ዳታቤዝን ሐሳብ ያፈለቀው እንግሊዝ አገር የተወለደው ኤድጋር ኮድ ነው። በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆሴ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ምርምር ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1970 ጽሑፉን አሳተመ። እስከዚያ ድረስ ፕሮግራመሩ መረጃው እንዴት እንደተያያዘ አውቆ፣ መንገዱን ተከትሎ መሄድ ነበረበት። አያያዡ ሲቀየር ፕሮግራሙም ይሰናከል ነበር። ኮድ መረጃው በሠንጠረዥ እንዲቀመጥ፣ ሠንጠረዦቹ በሚጋሩት ዋጋ እንዲተሳሰሩ፣ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ተናግሮ መንገዱን ለማሽኑ እንዲተው ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን የመጠየቂያ ቋንቋ አስተዋወቁ። ኮድም እ.ኤ.አ. በ1981 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበለ። ኦራክል፣ ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስኪውኤልና ኤስኪውላይት የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ወደ እድራችን እንመለስ። ሠንጠረዥ የሚነድፍ ሰው ስለ እያንዳንዱ ዓምድ «ይህ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ስልክ የአባሉ ነው፤ ስለዚህ «አባላት» በሚባለው ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ይጻፋል። የብሩ መጠንና ወሩ የክፍያው ናቸው፤ «ክፍያዎች» ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱን የሚያስተሳስረው የአባልነት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በ«አባላት» ውስጥ ፕራይመሪ ኪ፣ በ«ክፍያዎች» ውስጥ ፎሪን ኪ ይባላል። ፎሪን ኪው በደንብ ከተገለጸና ቁጥጥሩ ከበራ ዳታቤዙ በሌለ አባል ስም የሚመጣን ክፍያ ራሱ አይቀበልም።

ስምን ቁልፍ ማድረግ ግን አያዋጣም። በአንድ ሰፈር ሁለት ከበደ ተስፋዬ ሊኖሩ ይችላሉ። የከበደ ተስፋዬ ልጅ ዳዊት ከበደ ስለሚባል «የቤተሰብ ስም» በሚል ዓምድ አባትና ልጅን ማገናኘት አይቻልም። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ባለቤቱ የጻፈው እንዳለ ይቀመጥና በጎኑ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት የመፈለጊያ ዓምድ ይሠራ።

ቀንም የራሱ ወጥመድ አለው። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን «2016-02-30» ብለን በቀን ዓምድ ልናስገባ ብንሞክር ፖስትግሬስኪውኤል አይቀበለንም፤ ፌብሯሪ 30 ቀን የላትም። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ሆና ስትመጣ ትመለሳለች። አደገኛው ሳይመለስ የሚገባው ነው። መስከረም 5 ያለ ምንም ቅሬታ ጃንዋሪ 5 ሆኖ ይቀመጣል፣ ዕድሜና የዘገየ ክፍያም በተሳሳተ ቀን ይሰላሉ። ስለዚህ ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይቀመጥና ለተጠቃሚው ሲታይ ወደ እኛው ይቀየር።

አሁን ደግሞ አንድ ብልሽት ቀረብ ብለን እንይ። አንዲት አባል 100፣ 100 ብር ሦስት ጊዜ ከፍላለች፤ አራት የቤተሰብ አባላትም አስመዝግባለች። ሪፖርቱ 300 ብር ማለት ሲገባው 1,200 ይላል። ምክንያቱ «ክፍያዎች» እና «ቤተሰብ» የተባሉት ሠንጠረዦች በአንድ ኩዌሪ (ጥያቄ) ጆይን መደረጋቸው፣ ማለትም መጣመራቸው ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ከአራቱ ሰዎች ጋር እየተጣመረ 12 ረድፍ ወጥቷል። ብዙዎች ተደጋጋሚውን የምታስቀረውን «ዲስቲንክት» የምትል ቃል ድምሩ ውስጥ ይሰካሉ። ያኔ ሦስቱ እኩል ክፍያዎች እንደ አንድ ይቆጠሩና ሪፖርቱ 100 ብር ይላል። ትክክለኛው መንገድ ስለ ዓምዱ ያነሣነውን ጥያቄ ስለ ረድፉም ማንሣት ነው፤ «ይህ ረድፍ የምን ነው?» ከጆይኑ በኋላ ረድፉ የክፍያ መሆኑ ቀርቶ የክፍያና የሰው ጥምር ሆኗል። ክፍያውን መጀመሪያ ለየአባሉ ደምሮ፣ ከዚያ አንዱን ድምር ከአባሉ ጋር ማገናኘት ችግሩን ከሥሩ ይፈታዋል።

ባዶ ቦታም እንዲሁ ይፈትናል። በኤስኪውኤል «ነል» ዜሮ አይደለም፤ «አይታወቅም» ማለት ነው። «ከቦሌ ውጭ የሚኖሩ አባላት» ብለን ስንጠይቅ ክፍለ ከተማቸው ያልተሞላላቸው አባላት ከዝርዝሩ ይቀራሉ። እነሱንም ከፈለግን ለይተን መጠየቅ አለብን።

ኩዌሪው ሲዘገይ ደግሞ አዲስ ሰርቨር ከመግዛት በፊት «ኤክስፕሌይን» የሚለውን ትእዛዝ ከፊቱ ጨምሮ ማስኬድ ይበጃል። ዳታቤዙ የመረጠውን መንገድ ያሳያል። አንድ አባል ለማግኘት ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ከሆነ በሚፈለግበት ዓምድ ላይ ኢንዴክስ (ማውጫ) መሥራት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኢንዴክስ ግን በየምዝገባው አብሮ መታደስ ስላለበት በየዓምዱ መደርደሩ ጽሕፈትን ያዘገያል።

እኔ ለጀማሪ ዴቨሎፐር የምመክረው ሥራውን ከኮዱ ሳይሆን ከደብተሩ እንዲጀምር ነው። ከጸሐፊው ጎን ተቀምጦ ገጹን ይገላልጥ፣ ተሰርዞ የተጻፈውን፣ በኅዳጉ ላይ የተጨመረውን ይይ። እያንዳንዱን ዓምድ «የማን ነው?» እያለ ጸሐፊውን ይጠይቅ። መልሱን ከማንም በላይ የሚያውቀው ዓመታት ሙሉ መዝገቡን የያዘው ሰው ነው። ያን ጊዜ የተቀየረ ስልክ አንድ ቦታ ላይ ይታረማል፤ ሐዘን በደረሰ ዕለትም የሚደወለው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ይሆናል።