ዘንባባን ከውርጭና ከቢላዋ መጠበቅ

ሆሳዕና ሲደርስ የዘንባባ ፈላጊው ብዙ ነው። የሀገራችን ዘንባባ በተፈጥሮው ወንዝ ዳርና እርጥበታማ መሬት ይወዳል። ውርጭ በሚጥልበት ደጋማ አካባቢ ጓሮ ለሚያለማው አርሶ አደር ዋናው ፈተና ይኸው ውርጭ ነው።

ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ በሚልበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስለዚህ ችግኙ ተዳፋት ላይ ወይም ከቤት ግድግዳ ጥግ ቢተከል ይሻላል። በሰኔ ከተተከለ ውርጩ ሳይደርስ ሥር ይሰዳል። ገና ለጋ ሳለ ሥሩን በገለባ ማልበስ፣ ማታ በጆንያ ሸፍኖ ጠዋት መግለጥ ያስፈልጋል።

የዘንባባ ግንድ እንደ ባሕር ዛፍ ጉቶ አያቆጠቁጥም። የሚያድገው ጫፉ ላይ ባለው አንድ እምቡጥ ብቻ ነው፤ እሱ ከሞተ ግንዱ አበቃለት። በቻይና ተራሮች የሚበቅል አንድ የዘንባባ ዝርያ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቅዝቃዜን ይችላል። የእኛው ያን ያህል አይችልም፤ ደግነቱ ከሥሩ ሌላ ግንድ ያወጣል።

እምቡጡን የሚያሰጋው ውርጭ ብቻ አይደለም፤ ለበዓሉ ያልተፈታውን የመሐል ቅጠል ከሥሩ የሚቆርጥ ቢላዋም ጭምር ነው። ከዙሪያው የተፈታውን ቅጠል መውሰድ ይበቃል። ውርጭ ያቃጠለው ቅጠልም ቶሎ አይቆረጥ፤ ብርዱ እስኪያልፍ ለእምቡጡ ልብስ ይሆነዋል።