«ከየት መጣሁ?» ለሚለው ጥያቄ ማን ይመልስ?

ምሽት ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ሲያይ፣ ፍቅረኞቹ መቀራረብ ሲጀምሩ በእርስዎ ቤት ምን ይሆናል? በብዙዎቻችን ቤት ቻናሉ ይቀየራል፤ አለዚያም ልጁ «ውኃ አምጣልኝ» ተብሎ ወደ ኩሽና ይላካል። ልጁ ግን ለምን እንደተላከ አይጠፋውም። የቀረውን ከጓደኛው ወይም ከስልክ ይፈልገዋል።

«የወሲብ ትምህርት በትምህርት ቤት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?» የሚለውን ክርክር ከዚህ ተነስተን ብናየው ጥሩ ነው። እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ነው። በሙያችን እንደምናውቀው፣ ጥያቄ ያለው ደንበኛ መልስ ካላገኘ ወደ ሌላ ይሄዳል። ልጆችም እንደዚያው ናቸው።

የሚቃወሙ ወላጆች ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንደኛው «ያልነቃውን ልጅ መቀስቀስ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከእምነታችንና ከባህላችን ጋር የማይሄድ ነገር ከውጭ ተጠቅልሎ ይመጣል የሚል ነው።

ስለ መጀመሪያው ስጋት መረጃ አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 አሻሽሎ ያወጣው መመሪያ በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን ገምግሞ፣ ትምህርቱ ወጣቶችን ወደ ወሲብ እንደማይገፋ አስፍሯል። ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ይኸው መመሪያ አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ አገሮች ከባህላቸው ጋር አጣጥመው እንዲጠቀሙበት የቀረበ ነው። ስለዚህ ምን፣ በስንት ዓመት፣ በማን ይሰጥ የሚለውን መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

ጉዳዩ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ኬፕታውን ላይ ለወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርትና አገልግሎት ለመስጠት ቃል ከገቡት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች አንዷ ናት።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአገሪቱ ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጃገረዶች ከመቶ 13ቱ ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት የነበራቸው ደግሞ ከመቶ 24 ሴቶችና 39 ወንዶች ብቻ ነበሩ። ችግሩ የገጠር ብቻ ነው ካሉ፣ የከተማው ልጅ ኢንተርኔት ከእጁ እንደማይለይ ያስታውሱ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጥቃት ነገር ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታው የሚጠቅመው አጥቂውን ነው። የሰውነቱን ክፍል በስሙ መጥራት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ፣ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላግባብ ቢነካው በምን ቃል ይንገረን?

ታዲያ ከየት ይጀመር? ለትንሽ ልጅ የሰውነቱን ክፍሎች ትክክለኛ ስም፣ ማን ሊነካው እንደማይገባና «ይህን ምስጢር አድርገህ ያዝ» የሚለውን ሰው ለእርስዎ መንገር እንዳለበት ማሳወቅ ይበቃል። «ከየት መጣሁ?» ሲልዎት «ከገበያ ገዝተንህ» ከማለት «ከእናትህ ማሕፀን» ማለት ይሻላል። ሴት ልጅ ስለ ወር አበባ መስማት ያለባት ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ወንድሟም ቢያውቀው እንዳይቀልድባት ይረዳል። ጉርምስና ሲደርስ ስለ እርግዝና፣ ስለ በሽታ፣ እምቢ ስለ ማለትና የሌላውንም እምቢታ ስለ ማክበር በግልጽ ይነጋገሩ። እስከ ጋብቻ መታቀብ የቤትዎ እምነት ከሆነ ያንንም ከነምክንያቱ ይንገሯቸው፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያስረዳ መምህር አያገኙም።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ የባዮሎጂ መጽሐፉ የማይደርስበትን በሠለጠነ መምህር ይሙላ። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ክፍያና ስለ ሰርቪስ ተነጋግራችሁ ስትጨርሱ እጅዎን ያውጡና ይጠይቁ፦ ልጆቻችን ስለ ሰውነታቸው በየትኛው ክፍል ምን ይማራሉ? ማን ያስተምራቸዋል? መጽሐፉን ማየት እንችላለን? ልጅ ጥቃት ቢደርስበት ለማን ይናገራል?