«የግት ብግነት»ና የአምጪዎቹ ስሞች

የላም ግት በባክቴሪያ ተወርሮ ሲታመም በሽታው በአማርኛ ምን ይባል? ለምርጫ የሚቀርቡት ስሞች ሦስት ናቸው፤ «የጡት በሽታ»፣ «የግት እብጠት»፣ «የግት ብግነት»። የመጀመሪያው እጅግ ሰፊ ነው። ጡት ለሴትም ለእንስሳም ይነገራልና ቃሉ በሐኪም ቤት አንድ ነገር፣ በበረት ሌላ ነገር ይሆናል። ግት ግን የእንስሳ ብቻ ነው፤ አራቱን የወተት ክፍሎች በአንድነት የሚይዘው አካል ግት ሲባል፣ አላቢው በእጁ የሚጨብጠው ጡት ይባላል። ሁለተኛው ስም ደግሞ ያሳስታል። ላም ልትወልድ ስትቃረብ ግቷ ይወጠራል፤ ባላገሩም «አጋተች» ብሎ ደስ ይለዋል። ይህ እብጠት የጤና እንጂ የሕመም አይደለም። ስለዚህ ሦስተኛውን መርጠናል። «በገነ» ጋለ፣ ነደደ ማለት ስለ ሆነ፣ አካል ለወራሪው የሚሰጠውን መልስ በሚገባ ይገልጻል፤ ውጫዊ ምልክት በማይታይበት ጊዜም ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ወተቱ መጉረፋቸውን ይሸፍናል።

ወደ አምጪዎቹ ስንመጣ፣ የሳይንስ ስሞቻቸው ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። ስታፊሎኮከስ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1882 ያወጣው ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ነው። በግሪክኛ «ስታፊሌ» የወይን ዘለላ፣ «ኮኮስ» ፍሬ ማለት ሲሆን፣ ባክቴሪያው በማጉያ መሣሪያ ሲታይ በእርግጥም ዘለላ ይመስላል። የዝርያው ስም በላቲን «ወርቃማ» ማለት ነው። ይህን ስም «አውሬውስ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ አማርኛ አንባቢ ግን «አውሬውስ የት ሄደ?» ብሎ እንዳይጠይቅ «ኦሪየስ» ቢባል ይሻላል። ስትሬፕቶኮከስ አገላክቲኤ «ወተት ማጣት» ከሚለው የግሪክኛ ቃል ተሰይሟል። የዘመዱ የስትሬፕቶኮከስ ኡበሪስ ስም ግን ከላቲን የመጣ ሲሆን «የግት» ማለት ነው። ኤሽሪኪያ ኮላይ ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1885 የገለጸውን ሐኪም የቴዎዶር ኤሽሪክን ስምና መኖሪያውን ታላቁን አንጀት ያስታውሳል። እነዚህን ስሞች ወደ አማርኛ መመለስ አያስፈልግም፤ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች የሚግባቡባቸው ናቸውና በፊደላችን በትክክል መጻፋቸው ይበቃል።

መተርጐም የሚገባው የአመጣጣቸው ክፍፍል ነው፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዎች አምጪዎቹን በሁለት ይከፍላሉ። የመጀመሪያዎቹ፣ ማለትም ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና ስትሬፕቶኮከስ አገላክቲኤ፣ በታመመው ግት ውስጥ ይኖራሉ፤ በአለባ ጊዜ በአላቢው እጅ፣ በአንድ መጥረጊያ ጨርቅ ወይም በማለቢያ መኪና ከላም ወደ ላም ይሻገራሉ። ሁለተኛዎቹ፣ እንደ ኤሽሪኪያ ኮላይ ያሉት፣ በእበትና በረጠበ ጉዝጓዝ ውስጥ ይኖራሉ፤ ላሚቱ ስትተኛ በጡቷ ቀዳዳ ይገባሉ። እነዚህን ሁለተኛዎቹን «አካባቢያዊ» ማለት በቃል በቃል ትርጕም ትክክል ይመስላል። ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ «አካባቢያዊ በሽታ» ሲባል በአንድ ወረዳ ብቻ የሚገኝ በሽታ ብሎ ይረዳል፤ የእርሱ ወረዳ ካልተጠራም በረቱን አይጠርግም። እኛ «የአለባ ብግነት»ና «የበረት ብግነት» እንላለን። ስሙ ራሱ መከላከያውን ያመለክታል። ለአለባው ብግነት ጤነኞቹን አስቀድሞ የታመመችውን በመጨረሻ ማለብ፣ ለእያንዳንዷ ላም የራሷን ጨርቅ መያዝ፣ ከአለባ በኋላ ጡትን በፀረ ተሕዋስ መንከር ያስፈልጋል። ለበረቱ ብግነት ደግሞ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ እንዲሁም የጡቱ ቀዳዳ እስኪዘጋ ድረስ ላሚቱ እንዳትተኛ ከታለበች በኋላ መኖ መስጠት ይጠቅማል። ክፍፍሉ ፍጹም እንዳልሆነ መናገር ይገባል፤ ኡበሪስ በአብዛኛው የበረት ቢሆንም አንዳንዱ ዘሩ በአለባ ይሻገራል።

ሌላው አስቸጋሪ ቃል ምልክት ለማያሳየው ብግነት የሚሰጠው ነው። ወተቱ ሲጓጕል፣ ወይም በኮላይ ጊዜ እንደሚሆነው ወተቱ ውሃ መስሎ ላሚቱ በትኩሳት ስትወድቅ፣ «ግልጽ ብግነት» ለማለት የሚከራከር የለም። ይሁንና በኢትዮጵያ ማዕከላዊ ደጋ በተደረጉ ጥናቶች በብዛት የሚገኘው ምልክት አልባው ነው፤ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስም ከአምጪዎቹ መካከል ደጋግሞ ይጠቀሳል። ለዚህ «ስውር» እና «ድብቅ» ቀርበዋል። «ስውር» ያማረ ቃል ነው፤ ዳሩ ግን የገዳም ስውራንንና ዐይነ ስውርን ያስታውሳል። «ድብቅ» ይሁን። ገበሬው ላሚቱ ስትበላ፣ ወተቱም ሲነጣ እያየ «ታማለች» ቢባል አያምንም፤ «ድብቅ ብግነት አለባት» ሲባል ግን ቢያንስ የተደበቀው በምን ይታያል ብሎ ይጠይቃል። መልሱም እ.ኤ.አ. በ1957 የተገለጸው የካሊፎርንያ ምርመራ ነው። ከየጡቱ ጥቂት ወተት በየፊናው ታልቦ ከሳሙና መሰል ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል፣ ነጭ ሕዋሳት የበዙበት ይዝለገለጋል። ሕዋሳቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ200,000 ሲያልፉ ብግነት እንዳለ ይጠረጠራል።

ያልተቋጨ ነገር ቀርቶናል። ላም ወተት መስጠት ስታቆም «ነጠፈች» ይባላል፤ ይህ በተፈጥሮ የሚመጣ ዕረፍት ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በግቱ ሥጋ ውስጥ ጠባሳ ሠርቶ፣ መድኃኒትም ሳይደርስበት አንዱን ጡት ለዘለዓለም ሲያጠፋው ግን የምንጠቀምበት ልዩ ቃል አልያዝንም። «ነጠፈ» ብንል ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል፤ «ደረቀ» የሚለው ደግሞ ብዙ ሥራ አለበት። ከብት አርቢ ከሆኑ አገሮች የመጡ አንባብያን በየቀበሌያቸው የሚነገረውን ቃል ከነአገባቡ ጽፈው ቢልኩልን፣ ከመዝገቡ እናስገባዋለን።