ሽለላ በሳክስፎን

ሽለላ ሲባል ወደ ኅሊናችን የሚመጣው ዘማች በተሰናዳ ጊዜ ከመካከል ብድግ ብሎ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ወኔ የሚቀሰቅስ ሰው ድምፅ ነው። ያን ድምፅ በሳክስፎን ካናገሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ አርቲስት ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። ዛሬ በቤተሰብ ዓምዳችን የምናወሳው ግን የጎልማሳነት ዝናቸውን ሳይሆን፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በዕድሜ በእጅጉ ከሚያንሷቸው የባሕር ማዶ ሙዚቀኞች ጋር ያስቀረጹትን አልበም ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1935 የተወለዱት ጌታቸው በክራርና በማሲንቆ ጀምረው ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን ተሻገሩ። ገና በአፍላ ዕድሜያቸው በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመሩ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። እንግዲህ የደንብ ልብስ ለባሽ ቤተሰብ ሰው ናቸው ብንል አልተሳሳትንም።

ሽለላ በምት አይታሰርም። ሸላዩ እስትንፋሱ እስካደረሰው ድረስ ድምፁን ይስባል፤ ድንገት ይቆርጣል፤ ያጓራል፤ ደግሞም ይነሣል። ጌታቸው ይህን ሁሉ ለሳክስፎናቸው አስተማሩት፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጮኻል። በመድረክም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይታዩ ነበር። የውጭ አገር የጃዝ ሐያስያን ከአሜሪካዊው ከአልበርት አይለር ጋር ያመሳስሏቸዋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ንጽጽሩ ክብር ቢሆንም ምንጩን ይስታል፤ የጌታቸው መምህር የአገራቸው ሸላይ ነበርና።

ይህንኑ ጥበብ የያዘው የቀድሞ ሸክላቸው በ2003 በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ክፍል 14 ሆኖ ዳግመኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ባንድ የ25ኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ወደ አምስተርዳም ጋበዛቸው። ባንዱ ፐንክ ከሚባለው ወገን ነው፤ ጊታሩ ይፋጫል፣ ከበሮው እረፍት የለውም። እንግዳው የ69 ዓመት ሰው ነበሩ። ጆሯቸውን ይዘው ይወጣሉ ብሎ የጠበቀ ቢኖር አይፈረድበትም። እርሳቸው ግን ለቀጣዩ አልበማቸው አጃቢ እንዲሆኑላቸው ሙዚቀኞቹን ራሳቸው ጠየቁ። በግማሽ ምዕት ዓመት ድካም የተገነባን ስም፣ ሽለላን በእናት ቤት ላልሰሙ ሰዎች እጅ አደራ መስጠት ቀላል ድፍረት አልነበረም።

«ሞአ አንበሳ» የተሰኘው አልበም በ2006 ታተመ። ጊታሮቹ አንዲት አጭር ሐረግ ይዘው እንደ ተቀባይ ይመላለሳሉ፤ አዛውንቱ በላዩ ላይ እንደ ልባቸው ይሸልላሉ። እመቤቶች አንድ ነገር ልብ ይበሉልን፤ ያን ሁሉ ጉልበት ተሸክማ ከበሮውን የምትመታው ካተሪና ቦርነፌልድ ሴት ናት። አልበሙን በቤቱ የሚያሰማ አባወራ ሕፃናቱ ሳይተኙ ቢከፍተው ይሻላል፤ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ የሚሰማ አይደለምና።

ከዚያ ወዲያ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች አብረው ተጫወቱ። በ2012፣ ጌታቸው በ77 ዓመታቸው፣ ከእነዚያው ሙዚቀኞች ጋር ሁለተኛ አልበም አወጡ፤ ስሙም «የአንበሳው ትዝታ» ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።